በቀን 60 ታካሚ እያየን ሰው ተኮር ሕክምና እንዴት ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የ4ኛ ዓመት የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። አሁን ሆስፒታል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ነን። ስለ ሰው ተኮር ሕክምና፣ ማለትም ሕክምናውን ከታካሚው ኑሮና ፍላጎት ጋር አስማምቶ ከእሱ ጋር ስለ መወሰን፣ ክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። ተመላላሽ ክፍል ስገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቀን እስከ 60 ታካሚ ይታያል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ካገኘን ትልቅ ነገር ነው። ‹ምን ይመርጣሉ?› ብዬ ስጠይቅ ‹እርስዎ ያውቃሉ› ይሉኛል። አስታማሚዎቹ ደግሞ ‹ለእሱ እንዳትነግሪው› ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ለሀብታም አገር የተጻፈ ይመስለኛል። ተሳስቼ ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በግማሹ ልክ ነሽ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ተማሪም አስተምራለሁ። ያንን ወረፋ በየሳምንቱ አየዋለሁ። መማሪያው ላይ ያለው ታካሚ ብቻውን ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ይሰጠዋል። የሚፈልገውን ፍርጥ አድርጎ ይናገራል። የእኛ ታካሚ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ ሁለት አስታማሚ አስከትሎ ነው የሚገባው። መማሪያውን እንዳለ ልትገለብጪው አትችይም።

በሌላው ግማሽ ግን አልስማማም። ሰው ተኮር ሕክምና ጊዜ ሲተርፍ የሚጨመር ደግነት አይደለም። የምርመራው አንድ ክፍል ነው። እሱ ሲጎድል የምንጽፈው መድኃኒት ራሱ ይሳሳታል። ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው።

ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ደም ግፊት አለባቸው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጀምረንላቸው ነበር፤ ያቺን ጠዋት ጠዋት የምትወሰደውን፣ ሽንት የምታበዛውን ትንሽ ክኒን። በቀጠሯቸው ሲመጡ ግፊታቸው እንደወጣ ነው። «መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» እላለሁ። «አዎ ልጄ» ይላሉ። ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን ጨመርኩ። አሁንም አልወረደም። አምሎዲፒኑን ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም አሳደግኩ። በአራተኛው ቀጠሮ እግራቸው አብጦ መጡ። ጫማቸው አልገባ ብሏቸው ተረከዛቸው ውጭ ነበር። እብጠቱን በሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ ልጽፍላቸው እስክሪብቶ አንስቻለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ነበረች፤ ልክ እንዳንቺ አታችመንት የወጣች። «እማማ፣ ክኒኑን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት? ከዚያ ወዴት ይሄዳሉ?» አለቻቸው።

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ ነኝ፤ በርበሬና ቅመም ነው የምሸጠው። ገበያው ሽንት ቤት የለውም። መድኃኒቱን ከወሰድኩ ሳልቀመጥ ያስነሳኛል። ዕቃዬን ለማን ትቼ ልሂድ? እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። እዚህም ስመጣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው። ሹፌሩን አውርደኝ ማለት ያሳፍራል።»

በጣቴ ቆጠርኩ። የክትትል ቀናቸው ሰኞ ነው። ቅዳሜ አልወሰዱም። እሑድ አልወሰዱም። ሰኞ ጠዋትም አልወሰዱም። ሽንት የሚያበዛው የትኛው ክኒን እንደሆነ ስላላወቁ ሁለቱንም ነው የሚተዉት። እኔ በየቀጠሮው የምለካው ሦስት ቀን ሙሉ መድኃኒት ያልቀመሰ ሰው ግፊት ነበር። እሱን አይቼ መጠን አሳደግኩ። አምሎዲፒን መጠኑ ሲበዛ እግር ያሳብጣልና እግራቸው አበጠ። ላበጠው እግር ደግሞ ሌላ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ልጨምር ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። በገበያ ቀንና እሑድ ያቺን ክኒን ቤት ሲመለሱ፣ ወደ 9 ሰዓት ገደማ እንዲወስዷት ተስማማን። ማታ ከሆነች እንቅልፍ ትነሳለች። አምሎዲፒን ሽንት እንደማያበዛ አስረዳናቸውና ጠዋት ጠዋት ሳያቋርጡ እንዲወስዱት፣ መጠኑም ወደ 5 እንዲመለስ አደረግን። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ግፊታቸው ተስተካከለ፤ የእግራቸውም እብጠት ጎደለ። የተማሪዋ ጥያቄና የእሳቸው መልስ ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የባከነው አራት ቀጠሮ ነው። ለእሳቸው አራት ጊዜ የትራንስፖርት ብር፣ አራት ቀን ከሥራ መቅረት ነው።

አምስት ደቂቃ አይበቃም ስትዪኝ እኚህ እናት ፊቴ ድቅን ይላሉ። ጊዜ የሚበላው የማያውቁትን ሰው ማከም ነው።

ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? እኔ የጠየቅኋቸው ጥያቄ አንድ ጨዋ መልስ ብቻ ነው ያለው። «በደንብ እየወሰዱ ነው?» ለሚል ሐኪም «አይ፣ አልወስድም» ማለት እሱን ማሳፈር ነው። ይሉኝታ አለ። ስለዚህ «አዎ ልጄ» ይመጣል። ስለ ሰው ተኮር ሕክምና የተጻፉት ሥልጠናዎች ብዙዎቹ ይሉኝታን የማያውቅ አገር ውስጥ የተጻፉ ናቸው። ለእኛ ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ታካሚው ሳያፍር እውነቱን ሊናገር የሚችልበትን ጥያቄ መፈለግ አለብን።

እኔ አሁን እንዲህ እላለሁ፦ «ይህን ክኒን ብዙ ሰው የሚተውበት ቀን አለ። እርስዎን የትኛው ቀን ያስቸግርዎታል?» መተው የተለመደ መሆኑን አስቀድሜ እኔው ተናገርኩ። አሁን መልሱ ኃፍረት የለውም። በጾም ወቅት ደግሞ «ስንት ሰዓት ነው እህል የሚቀምሱት?» እላለሁ። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው «ከቁርስ ጋር» ብሎ መጻፍ «አይውሰዱ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። በረመዳን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ የመድኃኒት ሰዓቱንና መጠኑን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። ሳትጠይቂው ግን አይነግርሽም። «ተው አትጹም» ትለኛለች ብሎ ይሰጋል።

ሌላ ትንሽ ቃል ላሳይሽ። ጨርሰን ልናሰናብት ስንል «ሌላ ችግር የለም አይደል?» እንላለን። ይህ በር መዝጊያ ነው። ታካሚው «የለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሳል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዋናውን ነገር ያነሳል። «ሌላስ ምን አለ?» ብትዪው በሩ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የእንግሊዝኛውን ተመሳሳይ ልዩነት ፈትሿል። ጥያቄው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ተቀየረች። በዚህች ብቻ ሳይነሱ የሚቀሩት የታካሚ ችግሮች በ78 በመቶ ቀነሱ። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ ከዚያም የሰፋ ይመስለኛል።

«ገባዎት?» የሚለውንም ተዪው። መልሱ ሁልጊዜ «ገብቶኛል» ነው። በእሱ ፈንታ «ቤት ሲገቡ ልጅዎ ‹ምን አሉሽ?› ቢልዎት እንዴት ብለው ይነግሩታል?» በያቸው። በራሳቸው አንደበት ሲናገሩት ምን እንደቀረ ወዲያው ታያለሽ። «በየ12 ሰዓቱ» ያልሽው «ማታ 12 ሰዓት ብቻ» ሆኖ ታገኚዋለሽ። የእኛን ሰዓት አስቢ፤ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ብለሽ ንገሪያቸው።

ስለ ጊዜው ከሆነ ጭንቀትሽ፣ ሁለት ቁጥር ያዢ። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ 74 የሐኪምና የታካሚ ንግግሮች ተቀድተው ተጠኑ። ታካሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2002 ከስዊዘርላንድ ባዝል ነው። ሐኪሞቹ ታካሚውን እንዳያቋርጡ ተነግሯቸው፣ 335 ታካሚዎች ሳይቋረጡ ምን ያህል እንደሚያወሩ ተለካ። አማካዩ 92 ሴኮንድ ነው። 78 በመቶው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሷል። ሰው ዝም ብለሽ ብትሰሚው ቀኑን ሙሉ አያወራም። እዚህ አገር ያሉ አባት ከልጅነታቸው ሊጀምሩልሽ ይችላሉ፤ ይህን እኔም አይቻለሁ። ያኔ በአክብሮት መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ተኩል ግን ስጪያቸው። ካርዱን አታገላብጪ፣ ስልክሽን አትይዥ፣ ፊታቸውን እዪ።

አሁን ወደ «እርስዎ ያውቃሉ» ልምጣ።

ይህ ቃል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ እውነተኛ አደራ ነው፤ ሰውየው አንቺ እንድትወስኚለት ይፈልጋል። እሱም ምርጫ ነውና ይከበር። አንዳንዴ ፍርሃት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምርጫው ምን እንደሆነ ስላልተነገረው ነው። «ምን ይመርጣሉ?» ብቻውን ባዶ ጥያቄ ነው። ከምንና ከምን?

ኢንሱሊን መጀመር ያለበት ሰው ፊትሽ አለ እንበል። «መርፌው በቀን አንዴም፣ ሁለቴም የሚሆንበት መንገድ አለ። አንዴ ከሆነ ለኑሮዎ ይቀላል፤ ስኳሩን ግን ቀኑን ሙሉ ላይዝልዎት ይችላል። ሁለቴ ከሆነ የተሻለ ይይዛል፤ ግን የምግብ ሰዓትዎ እንዳይዛባ መጠንቀቅ አለብዎት። ቤት ማን ይወጋዎታል? ፍሪጅ አለ?» ፍሪጅ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ መሐል የሚቀመጥ የሸክላ ዕቃ ቀዝቀዝ አድርጎ እንደሚያቆይ ንገሪው። ከዚያ «እርስዎ ያውቃሉ» ሲልሽ፣ «እኔ መድኃኒቱን ነው የማውቀው፤ የቤትዎን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» በዪው። ይህቺን ቃል ስንት ሰው ላይ ሞክሬያታለሁ። ሰው ቀና ይላል። ከዚያ ስለ እርሻው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ መንገዱ ይነግርሻል። ያኔ መጠኑንም ሰዓቱንም በልክ ትጽፊያለሽ።

ሰው ተኮር ማለት የተጠየቀውን ሁሉ መስጠትም አይደለም። ጉንፋን ይዞት «መርፌ ውጉኝ» የሚል ብዙ ነው። መርፌው አያስፈልግም፤ አትውጊው። ግን «ለምን መርፌ ፈለጉ?» በይ። «ነገ ሥራ መግባት አለብኝ፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ» ካለሽ ችግሩን አገኘሽው። ስለ እሱ አውሪ።

አስታማሚው የሚልሽ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። እዚህ ላይ ቸኩለሽ እንዳትወስኚ እለምንሻለሁ።

ልጁ ኮሪደር ላይ ይይዝሻል። «ካንሰር መሆኑን ለአባቴ እንዳትነግሪው፤ ከሰማ ያልቃል» ይልሻል። መማሪያው «የታካሚው መብት ነው» ይላል። ሕጉም ከዚሁ ጋር ነው፤ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ደንብ ሕክምና በታካሚው ፈቃድ እንዲሰጥ፣ ምስጢሩም እንዲጠበቅ ያዛል። ያንን ለልጁ እንደ ፖሊስ ብታነቢለት ግን አባትየውን ይዞ ይወጣል፤ ሕክምናውም ያበቃል።

እኔ ስለ መርዶ አስባለሁ። በእኛ ባህል መርዶ ለብቻው ለቆመ ሰው ድንገት አይነገርም። ዘመድ ይጠራል። ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። ሰውየው ተቀምጦ፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ሆኖ ነው የሚሰማው። ግን ልብ በይ፤ መርዶ ይነገራል። ባህሉ የሚጨነቀው ስለ አነጋገሩ ነው። ልጁ እንዳይነገር ሲልሽ የፈራው አነጋገሩን ሊሆን ይችላል፤ ወረፋ መሐል፣ ቆሞ፣ በባዕድ ቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ስሚው። «ቢሰማ ምን ይሆናል ብለህ ነው የፈራኸው?» በዪው። «ሳልጠየቅ አልናገርም፤ አባትህ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» በዪው። ይህን ቃል ብዙ ልጆች ተቀብለውኛል።

ከዚያ አባትየውን ጠይቂ። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ? ስንነጋገር ማን አጠገብዎ እንዲሆን ይፈልጋሉ?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገሪው፣ እሱ ይጨርሰው» ይላል። ተገቢ መልስ ነው፤ በካርዱ ላይ ጻፊው። ሌላው ደግሞ ከአስታማሚዎቹ ዓይን ካነበበ ሰንብቷል። አንድ ገበሬ አባት እንዲህ ብለውኛል፦ «መሬቴን ለልጆቼ ሳላካፍል፣ ንስሐ ሳልገባ ልትሸኙኝ ነው?» ሰው ኑዛዜ አለው። ዕዳና አደራ አለው። ዕርቅ የሚፈልግበት ወንድም አለው። እኛ ለእሱ አዝነን ዝም ስንል ይህን ሁሉ ነው የምንወስድበት። አንቺ ገና ተማሪ ስለሆንሽ ይህን ንግግር ለብቻሽ አትግቢበት። ሲኒየርሽን (የበላይ ሐኪምሽን) ይዘሽ ግቢ፤ ወንበር አቅርቢ፤ ከአጠገባቸው ሁኚ።

ጸበል ሲነሳ ብዙ ባለሙያ ያኮርፋል። ታካሚው ጸበል መሄዱን ሲደብቅሽ መድኃኒት ማቋረጡንም ይደብቅሻል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል በጀመረበት ዘመን እንጦጦ ማርያም ጸበል ገብተው መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ከማንም ሐኪም ቁጣ ይህ ቃል ይበልጥ ሰርቷል ብዬ አምናለሁ። «ጸበል እየሄዱ ነው? መድኃኒቱንስ እዚያ እንዴት ይወስዱታል?» በይ፤ በቃ። ምች ነው ያለሽንም «ምች የሚባል በሽታ የለም» አትበዪው። ዳማከሴ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደጠበቀ ጠይቂው። የትኩሳቱን ታሪክ የምታገኚው ከዚያ ነው።

ስለ ክፍሉም አንድ ነገር። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ባለሙያ፣ ሦስት ታካሚ፣ በየደቂቃው የሚከፈት በር፤ አውቀዋለሁ። ነውር የሚባለውን ጥያቄ ለምርመራ አልጋው አቆዪው፤ መጋረጃ ባይኖር እንኳ እዚያ ጎንበስ ብለሽ በዝግታ ማውራት ትችያለሽ። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ባል እያስተረጎመ ሚስቱን ስለ ወር አበባና ስለ ቤት ውስጥ ዱላ አትጠይቂ። ልጇንም አስተርጓሚ አታድርጊ። ቋንቋውን የምትችል ሲስተር ወይም የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን ምስጢር እንድትጠብቅ አስጠንቅቀሽ ጥሪ። ስም ጥሪ፤ «አልጋ 7» አትበዪ። ታላቅሽን አንቱ በዪ፤ ብትቸኩዪም።

የሐሳቡን ታሪክ ባጭሩ ልንገርሽ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ምክክሩ በሰውየው ዙሪያ እንዲሆን አስተማረ። ሐኪሙ ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 በሽታን ከአእምሮና ከኑሮ ነጥሎ ማየት እንደማይበቃ ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2016 ሰው ተኮር አገልግሎትን በማዕቀፍ ደረጃ ተቀበሉ። እኛ አገር በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገ። መልካም ነው። ግን በእኔ አስተያየት አንድ ነገር ተቀላቅሎብናል። ርኅራኄ የእኛን ጠባይ ይመለከታል። ሰው ተኮርነት ውሳኔውን ይመለከታል። እኔ ለእነዚያ እናት ሩኅሩኅ ነበርኩ። ፈገግ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው የተሳሳተ መጠን የጻፍኩት።

ሁሉንም በአንቺ ትከሻ ላይ አልጥልም። 60 ታካሚ ለአንድ ክፍል ብዙ ነው፤ ያንን ማስተካከል ያለበት አስተዳደሩ ነው። ይቻላልም። የኤችአይቪ ክትትልን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተረጋጉ ታካሚዎች በየ6 ወሩ እንዲመጡ፣ መድኃኒታቸውንም የ6 ወር እንዲወስዱ ተፈቀደ። ለሰውየው መንገድና ወጪ ቀነሰ፣ ለባለሙያው ወረፋው ቀለለ። የግፊትና የስኳር ክትትላችን ለምን ከዚህ አይማርም? ክፍልሽ ውስጥ አንሺው።

እስከዚያ ድረስ ከነገ ጀምሮ አንድ ነገር ሞክሪ። ከምታያቸው ታካሚዎች አምስቱን ብቻ ምረጪ። ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ከጻፍሽ በኋላ ከታች አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ለታካሚው ዋናው ጉዳይ»። ራሳቸው ባሉት ቃል ጻፊው። «ለልጄ ሠርግ መቆም እፈልጋለሁ።» «ገበያ መቅረት አልችልም።» «እጄ ከዳነ ሽመናዬን ልቀጥል።» ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ኬስ ስታቀርቢ ይህን መስመር ከዕቅድሽ በፊት አንብቢው። አንዳንድ ሲኒየር «እሱን እለፊው» ሊልሽ ይችላል። እለፊው፤ ካርዱ ላይ ግን ይቆይ። ቀጣዩ ተረኛ ያነበዋል። አምስቱን መስመሮች ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ስምና የካርድ ቁጥር ሳትጽፊ። የትኛው መስመር ዕቅድሽን እንዳስቀየረሽ አብረን እናያለን።